በበዓል ማግሥት የተጻፈ ሰዓት

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሀንነሽ አራጋው፤ ቢሾፍቱ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እኔ አባትሽ መሪጌታ አራጋው ሞላ ነኝ። የምጽፍበትም ምክንያት አንድ ነው፤ የጠየቅሽኝን ፈቃድ ለመስጠት ወይም ለመንሣት። ሰላምታዬን በመጨረሻ አደርሳለሁ፤ ሰላምታን ከፍርድ ማስቀደም ፍርዱን ማለዘብ ነውና።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በአራተኛው ሳምንት ነው። ስልኩ ከተቋረጠ፣ መንገዱም ሲፈቅድ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ወዲህ ወሬ ወደ እኛ የሚመጣው በሰው ኪስ ነው። እናም ከደብዳቤሽ ወሬሽ ቀደመ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ የጨው ነጋዴ «መሪጌታ፣ ልጅዎ የአሳማ አዋላጅ ሆነች አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እኔ «አዋላጅነት ከሐሰተኛ ሚዛን ይሻላል» ብዬው አለፍሁ። በልቤ ግን አላለፍሁም፤ ከባዕድ አፍ ሳይሆን ካንቺ ልሰማው ይገባ ነበር።

እሪያ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ፣ የተወገዘ እንስሳ ነው። ይህን ከአፌ የተማርሽው ከፊደል ጋር ነው። ነገር ግን ሦስት ቀን አሰብሁበት። የተከለከለው መብላቱ ነው፤ በደመወዝ ማርባቱን የሚከለክል ቃል አላገኘሁም። የእንስሳት እርባታ ተምረሽ፣ ተመርቀሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ቤቴ ስትቀመጪ አይቻለሁ። ስለዚህ ፈቅጃለሁ።

ሥጋውን እንዳትቀምሽ አላስጠነቅቅሽም፤ ታውቂያለሽ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። በሰንበት፣ በዐሥራ ሁለት በሚካኤል፣ በሃያ አንድ በማርያም፣ በሃያ ዘጠኝ በበዓለ እግዚአብሔር እጅሽ በዚያ እንስሳ ላይ እንዳያርፍ። እኔ በዚህ አገር በበዓል ያረሰውን፣ የወቃውን፣ እንጨት የፈለጠውን ሁሉ የምቀጣ ዳኛ ነኝ። የልጄ እጅ በማርያም ቀን በእሪያ ማኅፀን ውስጥ ከሆነ በማን ፊት ቆሜ እፈርዳለሁ? በስሜ ማዪና ጽፈሽ ላኪልኝ።

እናትሽ በዛች ሁለት መልእክት አላት። አንደኛው፣ ደህና ናት ብዬ እንድጽፍልሽ አዝዛኛለች፤ ስለዚህ ጽፌአለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ «ማታ ማታ እጇን በምን ትታጠባለች?»

ሰላም ላንቺ ይሁን።

አባትሽ


ቢሾፍቱ፣ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ አራጋው ሞላ፤ መካነ ሰላም።

እንደምን ከርመዋል? እናቴስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ፈቃድዎ እጅ ነሥቻለሁ። ያዘዙኝን አራት ቀናት ላከብር በስምዎ ምያለሁ።

ወሬውን ከሰው እንዲሰሙ ስላደረግሁ ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

በሰው በላኩት ቃል ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ወንዱ ከሴቷ ጋር እንደ ማንኛውም እንስሳ ለምን እንደማይለቀቅ ጠይቀውኛል። የእርባታው ባለቤት አቶ ታደለ ዘሩን የሚያስመጡት ከባሕር ማዶ ነው። በቀጭን ቱቦ ታሽጎ፣ ከበረዶ እጅግ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ ይመጣል። የበሬ ዘር ይህን ቅዝቃዜ ይችለዋል፤ በእኛም አገር ላሞች ሲዳቀሉበት ኖሯል። የአሳማ ዘር ግን ደካማ ነው። በቅዝቃዜው ብዙው ይሞታል፤ የተረፈውም ከቀለጠ በኋላ ጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ ስድስት ሰዓት ቢኖር ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ከምትጥልበት ሰዓት ጋር ካልተገናኘ በከንቱ ይፈስሳል። ወንድ የምትፈልግበት የድራቷ ጊዜ ሁለት ቀን ከግማሽ ያህል ይቆያል፤ የምትጠቅመው ሰዓት ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂት ናት። እሷን ለማግኘት ጀርባዋን በሁለት እጃችን እንጫናለን፤ ጆሮዋን አቁማ እንደ ግንድ ቀጥ ካለች ሰዓት መቁጠር እንጀምራለን። እያንዳንዷ የተዳቀለችበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የምጽፈውም የምፈርመውም እኔ ነኝ።

እኔ ስመጣ ከመቶ እናት አሳማ ፅንስ የሚይዙት ሠላሳ አምስት ነበሩ። ቀድሞ የሚታዩት ጠዋትና ማታ ነበር፤ አሁን በቀን ሦስት ጊዜ አያቸዋለሁ። ዘሩ አንድ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ፣ ወደ ማኅፀን ጠልቆ በሚገባ ረዘም ያለ ቱቦ እሰጣለሁ። ጥሩ እየሄደ ነው። አቶ ታደለ ግን «እስከ የካቲት መጨረሻ ከመቶ ስድሳ ካልሞላ፣ የናይትሮጅኑን ታንክ አስወጥቼ ወንድ አሳማ እገዛለሁ፤ እናንተንም በደህና ሂዱ እላለሁ» ብለዋል።

አብሮኝ ስለሚሠራው ሰውም ጠይቀውኛል። ያሲን አበጋዝ ይባላል፤ የወረኢሉ ልጅ ነው። ቱቦውን ከታንኩ አውጥቶ በሞቀ ውሃ የሚያቀልጠው እሱ ነው። ሙቀቱ ወይም ሰከንዱ ቢዛነፍ ዘሩ ይሞታል፤ የእሱ እጅ ግን ሲዛነፍ አላየሁም። የመጀመሪያ ቀን «ይገርማል እኮ» አለኝ፤ «አሳማ በእናንተም ውጉዝ በእኛም ሐራም፤ ጌትዬው ፈልጎ ፈልጎ የቀጠረው ሁለት ወሎዬ። እንስሳው ራሱ ሳይታዘበን አይቀርም።» ከሥራ ሲወጣ እጁን ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱን በአፈር። እናቴ ስለ ጠየቀች ይንገሯት፤ እኔም ከእሱ ተምሬ በአፈር እታጠባለሁ።

በተለየ ወረቀት ያሰፈርሁትን ጥያቄ ለብቻዎ ያንብቡልኝ።

ልጅዎ ብርሀንነሽ


መካነ ሰላም፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሀንነሽ፤ ቢሾፍቱ።

በተለየ ወረቀት የጠየቅሽኝን ለብቻዬ አነበብሁ። መልሴ ግን ለብቻ የሚነገር አይደለም፤ በገበያ መካከል ብናገረው አላፍርም። አይሆንም።

የእንስሳዋ ሰዓት በበዓል ቀን ቢውል አንድ እጅ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብለሻል። በዓል በሩብ ሰዓት አይከፈልም። ዛሬ ሩብ ሰዓት የሰጠ ነገ ቀኑን ይሰጣል። እንስሳ ቀን አይመርጥም ብለሽ ጽፈሻል፤ እውነት ነው። ቀን የሚመርጥ ሰው ነው፤ ከእንስሳ የሚለየንም ይኸው ነው።

ከባድ ነገር ያዘዝሁሽ አንቺን ብቻ እንዳይመስልሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከታች መንደር ያለውን አወቀን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ኅዳር ሃያ አንድ፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ገብሱ ደርሶ ሳለ ደመና ተነሣ። እየሮጠ ቤቴ መጥቶ «የኔታ፣ ከልጆቼ ጋር እስከ ቀትር ብናጭደው እንጨርሳለን፤ ይፍቱኝ» አለኝ። አልፈታሁትም። ተመልሶ ሄደ፤ ማጭድም አላነሣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ ወረደና ማሳውን ከአፈር ቀላቀለው። ዘንድሮ ልጆቹን በየዘመድ ቤት አከፋፍሎ ይኖራል። በዓሉን ግን አልሻረም፤ ስለዚህም አከብረዋለሁ። ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል። ዓይኑን ግን አያሳየኝም።

የወረኢሉው ልጅ ሃይማኖቱን ጠብቆ የሚሠራ መሆኑን ወድጄለታለሁ። ሰላም በይልኝ። አባቱ ማን እንደ ሆኑ ጠይቂው፤ አበጋዝ የሚባል ደግ ሰው በደሴ መንገድ አውቅ ነበር።

እናትሽ አፈር መልካም ነው ብላለች።

አባትሽ


ቢሾፍቱ፣ መጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤ መካነ ሰላም።

እንደምን ከርመዋል? ስለ መዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። በወሎ መኪና የሚሄድ ሰው አጥቼ ነው። ወረቀትም አልቆብኝ ነበር።

ያዘዙኝን ቀናት ማክበሬን በሰው ጠይቀውኛል። እስከ ዛሬ አንድም አልሻርሁም። ሰንበት የሚተካኝ ሰው አለ፤ በቀሩት በዓላት ክፍሌ ተቀምጬ እውላለሁ።

ቁጥሩ የካቲት መጨረሻ ላይ አርባ ሦስት ነበር። ስድሳ አልሞላም። ሆኖም አቶ ታደለ ሥራው እንዲቀጥል ፈቅደዋል። ያሲን ከሥራ ወጥቷል።

ለጾሙ የሚሆን ማር ለእናቴ ልኬአለሁ፤ ለጾሙ ብላ ሳር ላይ እንዳትተኛ ይንገሩልኝ፣ ወገቧን ያማታል። አገሩ ዘነበ? የበልጉ ነገር እንዴት ነው? ለጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ብርሀንነሽ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለብርሀንነሽ አራጋው፤ ቢሾፍቱ።

በልጉ ዘንቧል። እናትሽ ደህና ናት። ማሩ ደርሷል፤ ጾም በማር አይጾምምና ለፋሲካ ተቀምጧል።

አርባ ዓመት የብራና ጽሑፍ ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ። ጸሐፊ ሲሳሳት የሚታወቀው በስሕተቱ ቦታ አይደለም። ከስሕተቱ ቀጥሎ ባለው መስመር ነው፤ እጁ ይፈጥናል፣ ፊደሉ ይጠባል። አንቺ «ያሲን ከሥራ ወጥቷል» ካልሽ በኋላ ወደ ማር፣ ወደ ዝናብ፣ ወደ ጎረቤት ሮጠሻል። እጁ የማይዛነፍ ያልሽው ሰው ለምን ወጣ? ስድሳ ሳይሞላ አንቺስ በምን ቀረሽ?

ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም። መልሱን እስካገኝ ሰላምታ አልልክም።

አራጋው ሞላ


ቢሾፍቱ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባቴ።

ማዕረግዎን ያልጻፍሁት ድፍረት ሆኖብኝ አይደለም፤ የሚከተለውን ለዳኛ መጻፍ ስለ ከበደኝ ነው።

ክፍሌ ተቀምጬ በምውልባቸው በዓላት ቀን ራሴን አሞኛል፣ ማታ ገብቼ እሠራለሁ እል ነበር። በእነዚያ ቀናት ሰዓታቸው የደረሰ እናት አሳማዎችን በማግሥቱ ጠዋት አዳቅላለሁ። ያን ጊዜ ግን ሰዓታቸው አልፏል። ዘሩ በከንቱ እንደሚፈስ እያወቅሁ እሰጣለሁ፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ የትናንቱን ማታ ሰዓት እጽፋለሁ። ባልጽፍ «ትናንት ማታ የት ነበርሽ?» ይሉኛል፤ «በዓል ነበር» ብል ያን ቀን ያሰናብቱኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ሆኖ በሥራ ቀን ከሚዳቀሉት ብዙዎቹ ሲይዙ፣ የበዓሎቹ በሃያ አንድ ቀናቸው ዳግም ድራት ታይቶባቸው ይመለሱ ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ አቶ ታደለ የውጭ ባለሙያ አመጡ። መዝገቡን አየ፤ ሰዓቱ ልክ ነው። ታንኩን አየ፤ ደህና ነው። የዘሩን ጥራት አየ፤ ደህና ነው። «እንግዲህ የቀረው አቅላጩ ነው» አለ። ያሲንን ጠሩት፤ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።

አቶ ታደለ «ውሃውን ለክተሃል?» አሉት።

«ለክቻለሁ።»

«ሰዓቱን ጠብቀሃል?»

ያሲን እኔን አላየኝም። በማግሥቱ ጠዋት ዘሩን የሚያቀልጥልኝ እሱ ነውና ሁሉን ያውቃል። መዝገቡ ላይ የማሰፍረውንም ያውቃል። «ምናልባት እጄ ይሆናል» አለ።

«ምናልባት ማለት ምን ማለት ነው?»

«እጄ ነው በሉት።»

በከባድ ቸልተኝነት ተሰናብቷል የሚል ወረቀት ሰጡት። ይህ ወረቀት ያለው ሰው በሌላ እርባታ አይቀጠርም። በር ላይ ተከትዬ ደረስሁበት። «አንቺ የአባትሽን አማና፣ የሰጠሽውን ቃል፣ ጠብቂ» አለኝ፤ «እኔ ሥራ አላጣም።» ከዚያ ቀልዱ መጣበትና «አሁንስ በአፈር የምታጠበው ነገር ቀረልኝ» ብሎ ሄደ።

ሌላም አለ። በመጋቢት እስከ ዛሬ አልሻርሁም ብዬ የጻፍሁልዎ እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሻርሁ። አዲስ አቅላጭ መጣ፤ እንደገና ቢወድቅ ነገሩ ይወጣል ብዬ ፈርቼ በሚካኤልም በማርያምም ገባሁ። ቁጥሩ ወደ ስድሳ አንድ ወጣ። አቶ ታደለ ትናንት በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አያችሁ፤ ጥፋቱ የማን እንደ ነበር አሁን ታወቀ» አሉ። አጨበጨቡልኝ።

ይፍረዱብኝ።

ብርሀንነሽ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሀንነሽ፤ ቢሾፍቱ።

እኔ በዓል አክብሪ አልሁ እንጂ ሐሰት ጻፊ አላልሁም። ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። እውነት ስለ ሆነ በአራተኛው ተውሁት።

መሐላ ማፍረስሽን ከእግዚአብሔር ጋር ትጨርሺዋለሽ፤ ንስሓ አባትሽ አሉልሽ። የንጹሕ ሰው ስም ግን በንስሓ አይመለስም። ስሙን ያጠፋሽው በቀለምና በፊርማ ነው፤ የምትመልሽውም በቀለምና በፊርማ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግሥት ባለቤቱ ፊት ቀርበሽ ያደረግሽውን ሁሉ ትናገሪያለሽ። ያሲን አበጋዝ ጥፋት እንደሌለበት በማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት እስኪሰጡሽ ከዚያ ደጅ አትሄጂም። ደመወዝሽን አታስቢ። ይህን ሳትፈጽሚ ቤቴ አትገቢም።

እናትሽ ደብዳቤሽን አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብሁላት። ስለ መዝገቡም ስለ መሐላውም አልጠየቀችኝም። «ልጁ እናት አለው?» ብቻ አለች።

አባትሽ


ቢሾፍቱ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ አራጋው ሞላ፤ መካነ ሰላም።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎት። ለምን ይህን ያህል ዘገየሽ ብለው የላኩት ቃል በወሎ መኪና ሹፌር በኩል ደርሶኛል። ደብዳቤዎ እጄ የገባው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። በማግሥቱ ቀርቤ ተናገርሁ።

አቶ ታደለ ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አልጮኹም። መዝገቡን ገለጡና «በዓል ነው ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ» አሉኝ፤ «እናት አሳማ ድራት የሚመጣባት ግልገሎቿ ጡት በጣሉ በአምስተኛው ቀን ገደማ ነው። ጡት የምናስጥልበትን ቀን አንድ ሁለት ቀን ብንገፋው ከበዓልሽ ጋር አይገናኝም ነበር። ይህን አልተማርሽም?» ተምሬዋለሁ፣ አባቴ። በፈተና ጠይቀውኝ መልሼዋለሁ። ከፍርሃቴ ጋር አንድ ላይ ላስበው ግን አልቻልሁም። ለመጠየቅ ደግሞ አፌን አልከፈትሁም፤ በልጅነቴም ለምን ብዬ ስጠይቅ አልኖርሁም።

ያን ዕለት ተሰናበትሁ። ወረቀቱን ግን ለመስጠት ጠበቃ እናማክራለን ብለው ወር ተኩል አመላለሱኝ። በመጨረሻ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ፤ እነሆ በዚህ ውስጥ ታሽጓል።

ወረቀቱን ይዤ ያሲንን ፍለጋ ወጣሁ። ስልኩ ዝግ ነው። አዲስ አበባ የሚሠሩ የወረኢሉ ልጆች አሉ ሲሉኝ ሄድሁ። አንዱ «አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ።

በሦስት እርባታዎች ሥራ ጠይቆ በሦስቱም ያ የስንብት ወረቀት ተነቦበታል። ሰኔ ላይ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ነሐሴ መጀመሪያ ወደ የመን የሚሻገርበት ጀልባ ተገለበጠ። የተረፈ የአገሩ ልጅ ሲሰጥም አይቶታል። ሬሳው አልተገኘም። ደብዳቤዎ ሐምሌ ላይ ሳይሆን ሰኔ መግቢያ ላይ በደረሰ ኖሮ እያልሁ ቀን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እኔ መጋቢት ላይ በጻፍሁ ኖሮ እላለሁ።

አባቱ አቶ አበጋዝና እናቱ ወይዘሮ ራሕማ ወረኢሉ ናቸው። እኔ ፊታቸው መቆም አልቻልሁም። ወረቀቱን ያድርሱልኝ ብዬ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።

ልጅዎ ብርሀንነሽ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብርሀንነሽ አራጋው።

ልትሄጂ የሚገባሽ አንቺ ነበርሽ። የሄድሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያሲን ጠብቂ ብሎ የሄደው ቃል የእኔ ቃል ነበርና። ወደ ቤት መምጣት ትችያለሽ ወይ ብለሽ በሰው ጠይቀሻል። ነይ። በሩን እናትሽ ከፍታ ትጠብቅሻለች፤ እኔንም ታገኚኛለሽ። የበዓል ዳኝነቱን ለቅቄአለሁ፤ ምክንያቱን የሚጠይቅሽ ሰው ቢኖር አታውቂም።

መንገዱ በተከፈተ ቀን ተነሥቼ ደሴ አደርሁ፤ በማግሥቱ ወረኢሉ ገባሁ። የአበጋዝን ቤት ብዬ ስጠይቅ አንዲት ሴት «የሐዘን ቤቱን ነው?» ብላ እስከ ደጁ ወሰደችኝ። ሦስት ወር አልፎም ስሙ ይኸው ነው።

በዳኝነት ዘመኔ ስንት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ወድቋል። ድንጋዩን አውርድ ለማለት እዘገይ ነበር፤ ክብደቱ ያስተምረው ብዬ። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ደጅ ተቀምጦ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ የሚቆጥር ሽማግሌ ተነሣ። በደሴ መንገድ የማውቀው ሰው አልነበረም፤ ሌላ አበጋዝ ነው። ማን እንደ ሆንሁ ነገርሁት።

«የልጅቱ አባት?» አለኝ።

«አዎን።»

«ያውርዱት፣ መሪጌታ፤ ያውርዱት። ቤታችን ድንጋይ አልጎደለበትም።» በእጁ ተቀብሎ አኖረው። «ኖር፤ ይግቡ።»

ራሕማ እሳት ዳር ነበረች። አላለቀሰችም። ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝ፤ ከዚያ ሽሮ ሠርታ አቀረበች። «የነቢያት ጾማችሁ ገብቷል አይደል?» አለችኝ፤ «ቅቤ አልነካውም፤ ድስቱንም ከጎረቤት ከክርስቲያኖቹ ነው የተዋስኩት፤ ይብሉ።» ልጇን ከቀበረችበት፣ አልቀበረችምም፣ ልጇን ካጣችበት ሐዘን መካከል ሆና የእኔን ጾም ቆጥራ ነበር። አንድ ጉርሻ አነሣሁ። አፌ ውስጥ ብዙ ቆየ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መንገድ ላይ ስደግመው ነበር። መጀመሪያውን ብዬ መካከሉ ጠፋኝ። ራሕማ አቋረጠችኝ።

«እናውቃለን» አለች። «ሥራ ለቆ ሲመጣ ምን አድርገህ ነው አልኩት። እማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ አለኝ። ከልጅነቱ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ቀላ። አጥብቄ ስይዘው ነገረኝ። አንተ ምን አግብቶህ ነው፣ ተናገር አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የልጅቱ አባት ዳኛ ናቸው፤ በስማቸው አስምለዋታል። ብናገር ሥራዋን ብቻ አይደለም፣ አባቷንም ታጣለች። እኔ ሥራ ባጣ አባቴን አላጣም አለኝ።»

ባሏ ሙስበሃውን ኪሱ ከተተ።

በመጨረሻ ወረቀቱን አወጣሁ። የሄድሁት እሱን ለማድረስ ነውና ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ አዋጅ አነበብሁት። ያሲን አበጋዝ በሥራው ላይ ምንም ጥፋት እንዳልተገኘበት፤ ቀድሞ የተሰጠው የስንብት ወረቀት በስሕተት የተጻፈ መሆኑን፤ ታማኝና ጥንቁቅ ሠራተኛ እንደ ነበረ፤ የሚመለከተው ሁሉ ይህን እንዲያውቅ። አበጋዝ «ይድገሙልኝ» አለ፤ ደገምሁለት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ማኅተሙን ተመለከተ፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ በዕድሜ እኩያዬ የሆነው ሰው፣ ያለ ቁጣ፣ ተማሪ መምህሩን እንደሚጠይቅ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦

«አላህ ይስጥልኝ፣ መሪጌታ። ጥሩ ተጽፏል፤ ማኅተሙም ጥሩ ነው። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና አንድ ነገር ይንገሩኝ። ይህን ለያሲን የት ሄጄ ላንብብለት? መቃብር የለውም።»